አንኢምፕሎይመንት ተከልክያለሁ፤ እንደገና ልሙላ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። ልጄ ታሞብኝ ለአለቃዬ በቴክስት አሳውቄ ሁለት ቀን ከሥራ ስቀር አባረሩኝ። አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚሰጠውን ክፍያ) ብሞላ ኢዲዲ፣ ማለትም ክፍያውን የሚሰጠው የካሊፎርኒያ መሥሪያ ቤት፣ «የተባረሩት በጥፋትዎ ነው» ብሎ ከለከለኝ። አዲስ ማመልከቻ ላስገባ?

መልስ፦ አያስገቡ። ውሳኔውን የሚያስሽረው ይግባኝ ነው። ደብዳቤውን ያውጡና የተላከበትን ቀን ይመልከቱ፤ በካሊፎርኒያ የ30 ቀኑ ገደብ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጂ ፖስታውን ከከፈቱበት ቀን አይደለም። ካለፈብዎት ለመዘግየትዎ በቂ ምክንያት ማቅረብ ይኖርብዎታል። አብሮ የመጣውን የይግባኝ ቅጽ ሞልተው ይላኩ፤ ኮፒውን ያስቀሩ። ክፍያ የለውም። የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ እዚያው ይጻፉ፤ በነጻ ይመደብልዎታል። ሕግ ነክ ቃል ላይ ከመደናገር ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ሌላ ቦታ ነው። «ተከልክያለሁ፣ ምን አደከመኝ» ብሎ በየሁለት ሳምንቱ ሰርቲፋይ ማድረጉን፣ ማለትም ለእነዚያ ሳምንታት ክፍያ የሚጠየቅበትን ቅጽ መሙላቱን ይተዋል። በኋላ ይግባኙን ሲያሸንፍ ያልሞላቸው ሳምንታት አይከፈሉትም። ስለዚህ ውሳኔ እስኪመጣ ሳያቋርጡ ይሙሉ።

ይግባኙ የሚሰማበት ችሎት አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው፤ ካልቀረቡ ይግባኝዎ ይዘጋል። አሠሪው ያባረረዎት ስለሆነ ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም ያለው አሠሪው ላይ ነው (በፈቃድዎ ለቀው ቢሆን ኖሮ ሸክሙ ወደ እርስዎ ይዞር ነበር)። ዳኛው የሚመዝነው ሆን ብለው አሠሪውን መጉዳትዎን ነው። በቂ ምክንያት ኖሮት አስቀድሞ አሳውቆ የቀረ ሰው ሆን ብሎ አጠፋ አይባልም። ማስረጃዎ እንግዲህ ለአለቃዎ የላኩት ቴክስት ነው፦ «ልጄ ትኩሳት ይዞታል፣ ዛሬ አልመጣም» የሚለው፣ የተቀባዩ ስም፣ ቀንና ሰዓቱ በአንድ ፎቶ ላይ እንዲታዩ አድርገው ያንሱት። የሐኪም ወረቀት ካለ ይጨምሩበት፤ ሁሉንም ከችሎቱ በፊት ይላኩ። የአለቃዎን ክፋት መዘርዘር ጊዜ መፍጀት ነው።

ከተሸነፉ ለይግባኝ ቦርዱ በ30 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ይግባኝ አለ። እሱም ካልሆነ እገዳው የሚነሳው ተቀጥረው የሳምንት ክፍያዎን አምስት እጥፍ ሲያገኙ ነው፦ ሳምንታዊው 300 ዶላር ከሆነ 1,500 ዶላር መሆኑ ነው። ከዚያ አዲሱ ሥራ ያለ ጥፋትዎ ሲያልቅ ደግመው ያመለክታሉ። ከደመወዝ ጋር የሚሰጡትን ወረቀቶች (ፔይ ስታብ) አይጣሉ፤ ያንን ገንዘብ ማግኘትዎን የሚያሳዩት በእነሱ ነው።