ደብዳቤው ሲደርስ፦ ለባሕር ዳር ወጣት ሯጮች

ጎህ ሲቀድ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ለምትወጡት፣ በጣና ዳር ጎዳና ለምትሮጡት ልጆቼ፤

በሕግ ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም በዶፒንግ የተከሰሱ አትሌቶችና ወላጆቻቸው ምክር ፍለጋ ወደ ቤቴ መምጣታቸው አልቀረም፤ ብዙዎቹ የሚመጡት ግን ሊደረግ የሚችለው ነገር ካለፈ በኋላ ነው። አበረታች ንጥረ ነገር በጤና ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት በየሥልጠናው ሰምታችኋል፤ እኔ እሱን አልደግምላችሁም። የምጽፍላችሁ የዲሲፕሊን ውሳኔ እንዴት እንደሚሰጥ፣ አንዱ ሁለት ዓመት ሲቀጣ ሌላው አራት፣ ሌላው ደግሞ ስምንት ዓመት የሚቀጣው በምን ምክንያት እንደሆነ ነው። እንደ እኔ እምነት የቅጣቱን ርዝመት ብዙ ጊዜ የሚወስነው የላቦራቶሪው ወረቀት ብቻ ሳይሆን፣ አትሌቱ ከምርመራው በፊት ያስቀመጠው ማስረጃና ከምርመራው በኋላ የሚሰጠው ቃል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የፀረ-ዶፒንግ ሕግ የሚነሣው ከአንድ ጠንካራ መርህ ነው። አትሌት ወደ ሰውነቱ ለሚገባው ነገር ሁሉ ኃላፊው ራሱ ነው። በናሙናችሁ ውስጥ የተከለከለ ንጥረ ነገር ከተገኘ፣ ሆን ብላችሁም ይሁን ሳታውቁ፣ ጥፋቱ ተፈጽሟል፤ ከሳሹ ሐሳባችሁን እንዲያስረዳ አይገደድም። ይህ መርህ ጨካኝ ነው የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ግን ሌላ መንገድ አይታየኝም፤ «አላወቅሁም» ማለት ብቻውን ነጻ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ጥፋተኛ የሚባል አትሌት አይገኝም ነበር።

ሐሳብና ጥንቃቄ የሚመዘኑት ከዚያ በኋላ፣ የቅጣቱ ልክ ሲወሰን ነው። እንደ ኢፒኦ ያለ ደም የሚያበዛ መድኃኒት ወይም አናቦሊክ ስቴሮይድ ከተገኘ መነሻው አራት ዓመት ነው፤ ሆን ብሎ እንዳልወሰደ የማስረዳት ሸክም ያለበትም አትሌቱ ነው። ሕጉ በልዩ ዝርዝር ለይቶ ያስቀመጣቸው፣ በሕክምና ወይም በስህተት ሊገቡ ይችላሉ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆኑ ግን መነሻው ሁለት ዓመት ነው፤ ሆን ተብሎ መወሰዱን አስረድቶ ወደ አራት ማሳደግ የከሳሹ ፈንታ ይሆናል። ከዚህ በታች ለመውረድ የፈለገ አትሌት ጥፋቱ ቀላል መሆኑን ማሳየት አለበት፤ ለዚህም በመጀመሪያ ንጥረ ነገሩ በምን መንገድ ወደ ሰውነቱ እንደገባ ማስረዳት ይኖርበታል። «ምናልባት ከምግብ ይሆናል፣ ምናልባት ሰው አድርጎብኝ ይሆናል» የሚል መላምት ዳኞች ፊት ክብደት የለውም፤ እነርሱ የሚጠይቁት የቱ መድኃኒት፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ትእዛዝ፣ በምን መጠን እንደተወሰደ ነው።

የኬንያዊቷን የማራቶን ሯጭ የሩት ቼፕንጌቲችን ጉዳይ ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በሰጠችው የሽንት ናሙና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ተገኘ። ይህ ለደም ግፊት ሕሙማን የሚታዘዝ፣ ሽንት የሚያበዛና በስፖርት ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ለመሸፈን ሊያገለግል ስለሚችል የተከለከለ እንክብል ነው። ሪፖርት የሚደረግበት ዝቅተኛ መጠን በሚሊ ሊትር 20 ናኖግራም ሲሆን በእርሷ ናሙና የተገኘው ወደ 3,800 ነበር። መጀመሪያ ምክንያቱን ማስረዳት አልቻለችም፤ ቆይቶም ታምማ የቤት ሠራተኛዋን መድኃኒት እንደወሰደች ተናገረች። በዓለም አትሌቲክስ የዶፒንግ ክሶችን የሚከታተለው የአትሌቲክስ ኢንተግሪቲ ዩኒት ይህ ማብራሪያ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ለብዙ ዓመት በዓለም መድረክ የሮጠች አትሌት ምንነቱን ሳታጣራ የሰው መድኃኒት መውሰዷ ከቀላል ቸልተኝነት ያለፈ እንደሆነ በመያዝ አራት ዓመት እንዲሆን ጠየቀ፤ ጥፋቷን በማመኗም አንዱ ዓመት ተቀንሶላት ሦስት ዓመት ታገደች። መነሻው ሁለት ዓመት የነበረው ንጥረ ነገር በዚህ መንገድ አራት ሊደርስ እንደሚችል አስተውሉ። እግረ መንገዴን ላንሣና፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በቺካጎ ያስመዘገበችው የሴቶች ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን፣ 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ56 ሴኮንድ፣ አልተሰረዘም፤ በዚህ ውሳኔ የተሰረዙት ናሙናው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ያሉት ውጤቶች ብቻ ናቸውና።

በባሕር ዳርም በየቤቱ የደም ግፊት ያለባቸው እናት ወይም አያት አሉ፤ መድኃኒታቸው የሚቀመጠው የልጁ የራስ ምታት እንክብል ባለበት መደርደሪያ ላይ ነው። ከዚህም የሚከፋው መርፌው ነው። ጉልበቱን ያመመው ሯጭ ወደ አንድ ክሊኒክ ጎራ ሲል «የሚያስታግሥ» ተብሎ ይወጋል፤ የተወጋውን ስም ግን አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ግሉኮኮርቲኮይድ የሚባሉት፣ እብጠትና ሕመም የሚያስታግሡ መድኃኒቶች በማንኛውም ዓይነት መርፌ ቢሰጡ በውድድር ወቅት የተከለከሉ ናቸው፤ ከእነርሱም ትራያምሲኖሎን በጡንቻ ከተወጋ እስከ 60 ቀን ድረስ በሽንት ሊታይ ይችላል። «የውድድር ወቅት» የሚባለው ደግሞ ከዋዜማው ሌሊት 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ጀምሮ ነው። ዝርዝሩ በየዓመቱ ስለሚታደስ ዓምና የተፈቀደው ዘንድሮ ሊከለከል ይችላል፤ ለሕመም ማስታገሻ በየፋርማሲው የሚታወቀው ትራማዶል እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በውድድር ወቅት ተከልክሏል።

ስለዚህ ከሐኪም ፊት ስትቀርቡ አስቀድማችሁ አትሌት መሆናችሁን ተናገሩ። የታዘዘላችሁን ወረቀት ፎቶ አንሡት፤ ዋናውንም አስቀምጡት፤ የካርድ ቁጥራችሁን ያዙ፤ የመድኃኒቱን ካርቶንም አትጣሉት። የታዘዘው የተከለከለ ሆኖ ሌላ አማራጭ ከሌለ፣ ከመውሰዳችሁ በፊት ለሕክምና ልዩ ፈቃድ አመልክቱ። ናሙና በምትሰጡበት ጊዜ በሚሞላው ቅጽ ላይ ባለፉት 7 ቀናት የወሰዳችሁትን መድኃኒትና ማሟያ ሁሉ ጻፉ። ብዙ ወጣቶች «ቢያውቁብኝስ» ብለው ያንን ቦታ ባዶ ይተዉታል። እኔ ግን በቅጹ ላይ የተጻፈ አንድ መስመር፣ ከወራት በኋላ ከሚቀርብ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ዳኞችን እንደሚያሳምን አይቻለሁ። ስለ ባህል መድኃኒትና ስም የለሽ የኃይል ዱቄት የምለው አጭር ነው፦ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም ሊያስረዳላችሁ ስለማይችል አትውሰዱት።

አሁን በርዕሱ ላይ ወደጠቀስሁት ደብዳቤ፣ ማለትም በናሙናችሁ ችግር መገኘቱን ወይም መከሰሳችሁን ወደሚያሳውቀው ጽሑፍ ልምጣ። ማስታወቂያው አብዛኛውን ጊዜ በኢሜይል፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። የገጠር ልጅ ኢሜይሉን የከፈተለት ማናጀሩ ወይም አሠልጣኙ ነው፤ የይለፍ ቃሉም በእነርሱ እጅ ነው። አንዳንዱ መታገዱን የሚያውቀው ጊዜው ከሮጠ በኋላ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም። የራሳችሁ ኢሜይል ይኑራችሁ፤ የይለፍ ቃሉን እናንተው ያዙት፤ የመጣውንም እንግሊዝኛ ለሚያውቅና ለምታምኑት ሰው በዚያው ቀን አስነብቡት። ሁለተኛው የናሙና ጠርሙስ፣ ቢ የሚባለው፣ እንዲመረመር መጠየቅ፣ የላቦራቶሪውን ሰነድ መጠየቅ፣ በጠበቃና በአስተርጓሚ መታገዝ መብታችሁ ነው፤ እያንዳንዱ መብት ግን የራሱ የጊዜ ገደብ አለው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ገደብ 20 ቀን ነው። አራት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ክስ የቀረበበት አትሌት፣ ክሱ በደረሰው በ20 ቀናት ውስጥ ጥፋቱን አምኖ የቀረበውን ቅጣት ከተቀበለ አንድ ዓመት ይቀነስለታል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን፤ በዚህ ጉዳይ ግን እያደር የጠራች እውነት ዋጋዋ ቀንሶ ነው የምትገኘው። ያልሠራችሁትን እመኑ ማለቴ አይደለም፤ ያልሠራ ሰው እስከ መጨረሻው መከራከር አለበት። የሠራ ሰው ግን «ዝም በል፣ እኛ እንጨርሰዋለን» የሚለውን ምክር ሰምቶ 20ውን ቀን ቢያሳልፍ፣ አንድ የሩጫ ዓመቱን ለመካሪው ክብር ሲል ከፈለ ማለት ነው።

ውሸት የሚያስከትለውን በሁለት የታወቁ የኬንያ ሯጮች ላይ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በበርሊን የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ዊልሰን ኪፕሳንግ የተከሰሰው በናሙናው ምንም ተገኝቶ ሳይሆን፣ ለመርማሪዎች ባስመዘገበው አድራሻ ባለመገኘቱና ተያያዥ ግዴታዎችን ባለመወጣቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ለቀረበት ምርመራ መንገድ ዘግቶ የተገለበጠ የጭነት መኪና ፎቶ በማስረጃነት አቀረበ፤ ሲጣራ አደጋው የደረሰው በነሐሴ፣ ማለትም ከምርመራው ከወራት በኋላ ነበር። አድራሻን በሚመለከት ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ያስቀመጠው መነሻ ሁለት ዓመት ነው፤ ሂደቱን ለማወናበድ በመሞከሩ ጭምር እ.ኤ.አ. በ2020 አራት ዓመት ታገደ። እ.ኤ.አ. የ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ የማራቶን አሸናፊ ጀሚማ ሱምጎንግ ደግሞ በኢፒኦ አራት ዓመት ተቀጥታ ሳለ፣ ለመከላከያ ያቀረበቻቸው የሕክምና ሰነዶች ሐሰተኛ ሆነው ስለተገኙ ቅጣቷ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ስምንት ዓመት ከፍ አለ። ከመድኃኒቱ እኩል ያስቀጣት ወረቀቱ ነው። «የማውቀው ሐኪም አለ፣ ማስረጃ ይጽፍልናል» የሚል ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ ይህን ጉዳይ አንሡበት፤ መርማሪዎች ሆስፒታሉን በደብዳቤ ይጠይቃሉ፣ የካርድ መዝገቡንም ያመሳክራሉ።

የመገኛ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ያለባችሁ፣ ማለትም በምርመራ ቋት የተመዘገባችሁ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በየቀኑ 60 ደቂቃ መርጣችሁ በዚያ ሰዓት የት እንደምትገኙ ታሳውቃላችሁ። በ12 ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከጎደላችሁ መነሻው ሁለት ዓመት ነው፤ እንደ ጥፋቱ ክብደት እስከ አንድ ዓመት ሊወርድ ይችላል። እኛ አገር ለቅሶ ይጠራል፣ ማኅበር ይደርሳል፤ አንዱ በጀልባ ወደ ዘጌ ይሻገራል፣ ሌላው ሌሊቱን ወደ ደራ ይሄዳል። ለቅሶ መድረስ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ከመነሣታችሁ በፊት በስልካችሁ አድራሻውን ልትቀይሩ ትችሉ ነበርና ብቻውን ምክንያት አይሆናችሁም። ኔትወርክ ወደማይሠራበት የምትሄዱ ከሆነ ከተማ ሳላችሁ ቀይሩት።

የጎረቤትን ስም ብቻ አነሣህ እንዳትሉኝ፣ የእኛም ቤት የጸዳ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 526 ዶፒንግን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል፤ በ2010 ዓ.ም. አንድ የረጅም ርቀት ሯጭ ከስፖርቱ መታገዱ ሳያንስ የእስር ቅጣት ተፈርዶበታል። እኔን የሚቆጨኝ ልጁ ሲታሰር መርፌውን የሸጠለት ሰው በሌላ ልጅ ደጅ መታየቱ ነው። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል ብላችሁ አታስቡ። ለአትሌት የተከለከለ ንጥረ ነገር የሚሰጥ ወይም የሚነግድ ሰው ከአራት ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ይታገዳል፤ አሠልጣኝ ወይም ሐኪም ሆኖ ሕጉ በልዩ ሁኔታ የሚጠብቀውን ለጋ ልጅ መነሻው አራት ዓመት በሆነው ከባድ ንጥረ ነገር ያሳተፈ ደግሞ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ነው። ይህን ሰው ለማጋለጥ እውነተኛና ውጤት ያለው መረጃ የሰጠ አትሌት ከቅጣቱ እስከ ሦስት አራተኛ የሚደርሰው እንዳይፈጸምበት ሊደረግለት ይችላል። «የመንደሬን ሰው አላሳጣም» የሚለውን ስሜት እረዳዋለሁ፤ ነገር ግን የመንደራችሁን ሰው የምትጠብቁት ከነጋዴው ነው ወይስ ነጋዴውን ነው?

ውሳኔው ካላስደሰታችሁ ይግባኝ አለ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሮጥ አትሌት ሎዛን ወደሚገኘው የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት፣ በአገር ውስጥ ደረጃ ያለው ደግሞ ወደ አገራችን የይግባኝ አካል ያቀርባል። ወደ ሎዛን ለሚቀርበው የተለመደው ገደብ 21 ቀን ነው። አቅም የሌለው ሰው በዚያ ፍርድ ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ሊጠይቅ እንደሚችል ብዙዎች ስለማያውቁ መንገሩ ይጠቅማል።

ቅጣቱ ከጸና በኋላም ሊበላሽ የሚችል ነገር አለ። የታገደ አትሌት በፌዴሬሽን ወይም በክለብ በተዘጋጀ በማንኛውም ውድድር መሮጥ አይችልም፤ «የከተማ ሩጫ ነው፣ ለደስታ ነው» ተብሎ ቲሸርት ቢሰጠው እንኳ። እገዳውን የጣሰ ሰው ከመጀመሪያው እገዳ ጋር እስከሚስተካከል ድረስ ሌላ እገዳ ሊጨመርበት ይችላል። ከክለብ ጋር ወደ ልምምድ መመለስ የሚፈቀደው በእገዳው የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ወይም በመጨረሻው ሩብ ጊዜ፣ ከሁለቱ ባጠረው ነው፤ አራት ዓመት የተቀጣ ሰው እንግዲህ ሁለት ወር አለው ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ብቻችሁን በጎዳናው ላይ መሮጥን የሚከለክል የለም። መርማሪዎቹ ግን በእገዳው ጊዜም ሊመጡ ስለሚችሉ፣ አድራሻ የማስመዝገብ ግዴታ ያለባችሁ እንደ በፊቱ በየጊዜው አሳውቁ፤ ስትመለሱም የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት መጀመሪያ ቀን በጽሑፍ ጠይቃችሁ መልሱ እጃችሁ ሳይገባ ወደ ክለባችሁ ሜዳ አትግቡ።