ከጠላት መንግሥት ጋር እንዴት ይዋላል? ከውጫሌ እስከ ጄኔቫ፦ ጥያቄና መልስ

ጠብ ፈላጊ የሆነ ኃይለኛ የውጭ መንግሥት የገጠማት አገር ምን ማድረግ ይገባታል የሚለውን ጥያቄ በደፈናው ከመመለስ ይልቅ፣ ከአንድ ባላጋራ ጋር ሁለት ጊዜ የተፋጠጥንበትን ታሪክ ይዤ መመለስን መርጫለሁ። ባላጋራው ጣሊያን ነው፤ ዘመኖቹም ከ1881 እስከ 1889 እና ከ1927 እስከ 1933 ዓ.ም. ያሉት ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ የጠቀስኩት በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ አንድ መንግሥት በእርግጥ ጠላት መሆኑ፣ በድርድር ጠንካራ ከመሆን በምን ይለያል?

መልስ፦ ክርክሩ የሚፈታበት መንገድ ሲቀርብለት በሚያደርገው ነገር ይለያል። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ በወልወል የውኃ ጉድጓዶች አጠገብ ግጭት ተነሣ። ቦታው ከድንበሩ ርቆ በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ የሚገኝ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት በ1920 ዓ.ም. የተፈራረሙት የወዳጅነት ውል አለመግባባት ሲነሣ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ ያዝዝ ስለነበር፣ ኢትዮጵያ በቀናት ውስጥ ይህንኑ አንቀጽ ጠቅሳ ዳኝነት ጠየቀች። ሮማ ግን ነገሩ ሳይጣራ ይቅርታ እንዲጠየቅ፣ ካሣ እንዲከፈልና ለባንዲራዋ ሰላምታ እንዲሰጥ አዘዘች። ዘግይቶ የተሰየመው የግልግል ጉባኤ በነሐሴ 1927 መጨረሻ ሁለቱንም ወገን ጥፋተኛ ሳያደርግ ሲወስን፣ የጣሊያን ወታደርና መሣሪያ በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ምጽዋ መጓዝ ከጀመረ ወራት አልፈው ነበር። መርከቦቹን የተመለከተ ሰው የዳኞቹን ቃል መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር።

ጥያቄ፦ አፄ ምኒልክ የውጫሌ ውል ማታለያ መሆኑን ካወቁ በኋላ ወዲያው ለምን አልዘመቱም? ፍርሃት አልነበረም?

መልስ፦ የዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ጉዳይ ይታወቃል፤ የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎት ነበር። ጥያቄዎ የሚዘነጋው ግን ይህ የታወቀበት ጊዜ ክፉ ቀን መሆኑን ነው። የከብቱ በሽታ በሬውን ጨርሶት፣ ገበሬው መሬቱን በእጁ የሚቆፍርበት፣ ሰው በየመንገዱ የሚወድቅበት ዘመን ነበር። በዚያን ጊዜ ጦር ሲዘምት ስንቁ የሚወጣው ካለፈበት አገር ገበሬ ጎተራ ነውና፣ በ1883 ትግራይ ድረስ ሠራዊት መምራት ጠላትን ከመውጋቱ በፊት የራስን ሕዝብ መጨረስ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ምኒልክ በመጀመሪያ የተዋጉት በወረቀት ነበር። በ1883 ለአውሮፓ ነገሥታት የአገራቸውን ወሰን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ በ1885 ደግሞ ውሉ እንደማይቀጥል ለመንግሥታቱ በግልጽ አስታወቁ፤ ከጣሊያን የተበደሩትንም ገንዘብ ከፈሉ። በብድር የታሰረ ንጉሥ ውል አፍርሻለሁ ቢል ቃሉ ክብደት አይኖረውምና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ላይ ጠመንጃና ጥይት ከፈረንሳይ ነጋዴዎች፣ ከሩሲያም፣ ከራሷ ከጣሊያንም ጭምር ገባ። (የዓድዋ ጥይት ከፊሉ የባላጋራው ስጦታ መሆኑን ሳስብ ዛሬም ፈገግ እላለሁ።)

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ሚዛን የምሰጠው ግን በ1886 የትግራዩ ራስ መንገሻ ዮሐንስ አዲስ አበባ መጥተው ለንጉሠ ነገሥቱ የገቡበትን ቀን ነው። ጣሊያን ለዓመታት የተጫወተችው ትግራይን በሸዋ፣ ሸዋንም በትግራይ ላይ እየደገፈች ነበር፤ ራስ መንገሻም ቀደም ሲል በመረብ ከጣሊያኖች ጋር ተማምለው ነበር። ምኒልክ ያንን ቂም ይዘው ቢቀጡ ኖሮ በመስከረም 1888 የታወጀው ክተት በመንገድ ላይ የሚቀላቀለው የሰሜን ጦር አያገኝም ነበር። ትዕግሥቱ የተለካው በቆይታው ርዝመት ሳይሆን በቆይታው ውስጥ በተሠራው ነው፤ ይህ በመሆኑ ፍርሃት ለማለት ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የጠላታችን ተቀናቃኝ ወዳጃችን ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ጥቅሙ እስካለ ድረስ ብቻ። በምኒልክ ዘመን መሣሪያ በጅቡቲ በኩል ያሳለፈችው ፈረንሳይ፣ በታኅሣሥ 1927 መጨረሻ ጀርመንን ፈርታ ከሙሶሊኒ ጋር ሮማ ላይ ተስማማች፤ የምድር ባቡሩን አክሲዮን ሳይቀር አካፈለችው። ጅቡቲም ያችው ጅቡቲ፣ ባቡሩም ያው ባቡር ነበር።

ጥያቄ፦ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ማለቱ ስሕተት አልነበረም ይላሉ?

መልስ፦ አቤቱታው ስሕተት አልነበረም፤ አቤቱታው ይበቃል ብሎ መጠበቁ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ 1918 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ እንግሊዝና ጣሊያን ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር መንገድ ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ በደብዳቤ ተስማምተው ተገኙ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን (በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ) ጉዳዩን ጄኔቫ ላይ በማኅበሩ ፊት ገልጠው ሲያወጡት፣ ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም ብለው አፈገፈጉ። ማኅበሩ ሠራ። ነገር ግን የሠራው ለእንግሊዝ ማፈግፈጉ ምንም ስላላስከፈላት ነው። በ1927 ጣሊያንን ማስቆም ግን ሎንዶንንና ፓሪስን በሂትለር ላይ የሚፈልጉትን አጋር የሚያሳጣ ነበር። አንድ መድኃኒት በጉንፋን ላይ መሥራቱ በወባ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም፤ የጄኔቫም ነገር እንዲሁ ሆነ።

ሌላው የማይረሳ ጉዳይ የመሣሪያው እገዳ ነው። በ1927 ክረምት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ሲሉ ነገሩ እኩልነት ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ጣሊያን አውሮፕላኑንም መድፉንም በራሷ ፋብሪካ የምታመርት ስትሆን እኛ ጥይት እንኳ የምናስገባው ከውጭ ነበር። አስታራቂ ነኝ የሚል ሦስተኛ ወገን እኩል ሕግ ሲያወጣ፣ ሕጉ የሚጎዳው ማንን እንደሆነ አስቀድሞ ማስላት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ሥራ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ከወረራው በፊት የኢትዮጵያን ጦር ከድንበር 30 ኪሎ ሜትር ማራቅስ ሞኝነት አልነበረም?

መልስ፦ በጦር ስሌት ከባድ ኪሣራ ነበር፤ በሕግ ስሌት ግን ፍሬ አፍርቷል። ዓላማው ሁለተኛ ወልወል እንዳይፈጠርና ማን ወራሪ እንደሆነ እንዳያከራክር ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 የጣሊያኑ ጄኔራል ደቦኖ ጦርነት ሳያውጅ መረብን ሲሻገር፣ ማኅበሩ በቀናት ውስጥ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ሰየመ። ቅሬታዬ ከጦሩ መራቅ ይልቅ በክተቱ መዘግየት ላይ ነው፤ የክተት ነጋሪት በአዲስ አበባ የተጎሰመው በዚያው በወረራው ቀን ነበርና። ምኒልክ በመስከረም ከትተው የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ እንደተዋጉ ካሰብን፣ ሠራዊት በእግር በሚሰበሰብበት አገር ወራት ምን ያህል ውድ እንደሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ማዕቀብ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

መልስ፦ በምን ላይ እንደተጣለ ይወስነዋል። በኅዳር 1928 የተጀመረው ማዕቀብ የጣሊያንን ሸቀጥ መግዛትንና ብድር መስጠትን ከለከለ፤ ነዳጅን ግን አልነካም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ቦምብና የመርዝ ጋዝ የሚጥሉት አውሮፕላኖች የሚበሩበት ነዳጅ ያለ እንቅፋት በቦዩ እያለፈ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለጣሊያን የሚሰጥ ዕቅድ በምስጢር ሲያዘጋጁ ተጋለጡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ በአማርኛ ንግግር ባደረጉ በሳምንታት ውስጥ ማዕቀቡ ተነሣ። ወራሪን የሚያናድድና የማያቆም ማዕቀብ ከሁሉ የከፋው ይመስለኛል፤ የወራሪውን ሕዝብ ከመሪው ጋር ያስተባብራል፤ የተወረረውን ደግሞ በባዶ ተስፋ ያዘናጋል።

ጥያቄ፦ ከዓድዋ ድል በኋላ መረብን አለመሻገር ታላቅ ስሕተት ነው የሚሉ አሉ። እርስዎስ?

መልስ፦ ስንቅ አልቆ ነበር፤ ቁስለኛው ብዙ ነበር፤ አዲሱ የጣሊያን አዛዥ ባልዲሴራ ደግሞ ትኩስ ጦር ይዞ አሥመራ ገብቷል። ምኒልክ የፈለጉት የውጫሌ ውል መሻርና የኢትዮጵያ ነፃነት ያለ ምንም ሁኔታ መታወቅ ነበር፤ ሁለቱንም በጥቅምት 1889 በአዲስ አበባው ውል አገኙ። ከአርባ ዓመት በኋላ ወራሪው የተነሣው ከዚያው መረብ ማዶ መሆኑ እውነት ነው። ይህን እያወቅሁም ውሳኔያቸውን እደግፋለሁ፤ በተራበ ሠራዊት ሁለተኛ ውጊያ ገጥሞ የመጀመሪያውን ድል ማጣትም ይቻል ነበርና።

ጥያቄ፦ አፄ ኃይለ ሥላሴ መሰደድ ነበረባቸው?

መልስ፦ በጊዜው አጥብቀው የተቃወሙ ነበሩ፤ ቁጭታቸውንም እረዳለሁ። ይሁን እንጂ ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 አዲስ አበባን ለቀው በመውጣታቸው፣ እጅ መስጠትን የፈረመ ንጉሠ ነገሥት አልተገኘም። እንግሊዝ ለወረራው ዕውቅና ብትሰጥም አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት አልሰጡም። ጣሊያን በሰኔ 1932 ወደ ዓለም ጦርነት ስትገባ፣ እንግሊዝ ወደ ካርቱም የምታመጣው ሕጋዊ መሪ ነበራት። ስደቱ ብቻውን ግን ከንቱ በሆነ ነበር፤ በሸዋ እነ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም እነ በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ሙሉ ባይዋጉ ኖሮ የሚመለሱበት የተነሣ አገር አይጠብቃቸውም ነበር።

ጥያቄ፦ የጠላት መንግሥት ተራ ዜጎችስ እንዴት ይያዙ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ታሪካችን ሁለት ፊት አለው። ከዓድዋ የተማረኩት ጣሊያኖች በአብዛኛው በመልካም ተይዘው ከውሉ በኋላ አገራቸው ሲገቡ፣ ከኤርትራ የመጡት ምርኮኛ አስካሪዎች (በጣሊያን ጦር ውስጥ የተሰለፉ የአገሬው ተወላጅ ወታደሮች) ግን እጅና እግራቸው ተቆርጧል፤ ድሉን ስናከብር ይህን የምንዘለው አግባብ አይመስለኝም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ የየካቲት 12 እልቂት ገና አራት ዓመት ያለፈው ነበር፤ ሆኖም ክፉን በክፉ እንዳትመልሱ ብለው ሕዝቡን ለመኑ። ብዙ ጣሊያናውያን መካኒኮችና ግንበኞችም በዚያው ቀርተው ኖሩ፤ ከእነርሱ ሥር የሠለጠኑት ልጆቻችን ዛሬም ጋራዥ ውስጥ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ እያሉ ይሠራሉ።