ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ የሚያፏጭ ቴፕ

በዚህ ወር ከደረሱን የመኪና ጥያቄዎች ውስጥ ስለ ቴፕ የተጻፉት በዝተዋል። ሦስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል። እሱ ከገባችሁ ግን የቀሩት ሁለቱ ቀላል ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። 86 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። ሞተሩ እስከ ዛሬ አላስቸገረኝም፣ ችግሬ ቴፑ ነው። አዲስ ቴፕ ገዝቼ ወንበር ስር ከሚቀመጥ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ጋር አስገጠምኩ። ሞተር ጠፍቶ ሳዳምጥ ጥርት ያለ ነው። ሞተር ሲነሳ ግን «ዊይይይ» የሚል ፉጨት ይጀምራል፣ ነዳጅ ስረግጥ ይቀጥናል፣ ስለቅ ይወርዳል። የገጠመልኝ ልጅ ፊልተር ሸጠልኝ፣ አልጠፋም። ትልቅ ነው ያለውን ሌላ ፊልተር ጨመረበት፣ ያው ነው። አሁን ደግሞ «ችግሩ ዲናሞው ነው፣ ቀይረው» እያለኝ ነው። ልቀይረው?
የዲኤክስ ባለቤት፣ ከአዳማ

መልስ፦ አትቀይር ወንድሜ። ቢያንስ ገና አትቀይር።

ልጁ አንድ ነገር ላይ ልክ ነው፣ ፉጨቱ የዲናሞ ነው። ዲናሞው፣ ማለትም አልተርኔተሩ፣ የሚያመነጨው ኤሲ ነው፣ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄድ ኤሌክትሪክ። ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ወደ ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ወደሚሄደው፣ ይቀይሩታል፣ ግን ልሙጥ አድርገው አይደለም፣ ትንሽ ሞገድ ይተርፋል። ሞተሩ ሲፈጥን ሞገዱም ስለሚፈጥን ነው ፉጨቱ እግርህን እየተከተለ የሚቀጥነው። ነገር ግን ይህ ሞገድ በሁሉም መኪና አለ፣ ትናንት ከፋብሪካ በወጣውም ጭምር። እነሱ አያፏጩም። ስለዚህ ከዲናሞው መምጣቱን ማወቅ ብዙም አይረዳህም። በየት በኩል ሾልኮ ቴፑ ውስጥ እንደገባ ነው ማግኘት ያለብህ።

መግቢያዎቹ ብዙ አይደሉም። በፖዘቲቩ ሽቦ ይገባል፣ በግራውንድ (ቦዲው ላይ በሚታሰረው ኔጋቲቭ) ይገባል፣ ቴፑን ከአምፑ ጋር በሚያገናኘው አርሲኤ ገመድ ይገባል፣ አልፎ አልፎም በአንቴና ይገባል። የሸጠልህ ፊልተር የሚሠራው በፖዘቲቩ ለሚገባው ብቻ ነው። ሁለት ፊልተር ተደርድሮ ካልጠፋ ሦስተኛ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው፣ ድምፁ በሌላ በር ነው የሚገባው። እንደ እኔ እንደ እኔ ሰው መጀመሪያ መፈተሽ ሲገባው መጀመሪያ ይገዛል። ሻጭም እምቢ አይልም መቼም።

አሁን ወደ ሥራው። ሞተሩን አስነሳና የቴፑን ቮልዩም ዜሮ አድርገው። ፉጨቱ እንዳለ ከቀጠለ ከቮልዩሙ በኋላ ነው የሚገባው፣ ማለትም በአርሲኤው ወይም በራሱ በአምፑ በኩል። ቮልዩም ስትጨምር አብሮ የሚጨምር ከሆነ ግን ከቮልዩሙ በፊት ገብቷል። ያኔ አንቴናውን ወይም ሙዚቃው የሚመጣበትን ነገር ጠርጥር። ይሄ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፣ ግን ግማሹን ሥራ ይጨርስልሃል።

ካንተ አጻጻፍ ዜሮ ላይም የሚያፏጭ ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ሁሉንም አጥፋና አርሲኤውን ከአምፑ ላይ ንቀል፣ ከዚያ መልሰህ አስነሳ። (ሳታጠፋ እንዳትነቅል፣ ስፒከሩ ላይ የሚወጣው ጩኸት ጥሩ አይደለም።) አርሲኤው ተነቅሎም ካፏጨ አምፑ ራሱ፣ ወይም የአምፑ ፖዘቲቭና ግራውንድ ላይ ነው ነገሩ። ጸጥ ካለ ደግሞ ድምፁ በአርሲኤው ነው የሚገባው፣ አሮጌ መኪና ላይ አዲስ አምፕ ሲገጠም በብዛት የሚያጋጥመውም ይህ ነው።

ለምን መሰለህ? ቴፑ ግራውንድ የሚያገኘው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ነው፣ እዚያ ካለች አንዲት ቀጭን ሽቦ። አምፑ ደግሞ ወንበሩ ስር ካለ ብሎን ላይ ታስሯል። ሁለቱም «ቦዲ» ናቸው፣ ስለዚህ ለዓይን አንድ ነገር ናቸው። ለኤሌክትሪክ ግን አይደሉም። አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ቆርቆሮ፣ ዝገቱ፣ ቀለሙ፣ የተበየደው፣ እነዚህ ሁሉ ተደማምረው በሁለቱ ነጥቦች መሀል ትንሽ የቮልት ልዩነት ይፈጥራሉ። ኤሌክትሪኩም ልዩነቱን ለመሙላት በአርሲኤው መጠቅለያ ሽቦ ውስጥ ይሄዳል። የሙዚቃው መንገድ ላይ የዲናሞ ሞገድ ወጣ ማለት ነው። አምፑም አይለይም፣ ያገኘውን ያጎላል።

ስለዚህ የአምፑን ግራውንድ ፍታው። በብዛት ምን ታያለህ መሰለህ፣ ቀለበቷ የተቀመጠችው ቀለም ላይ ነው፣ ወይም የወንበር ብሎን ላይ ከነምንጣፉ ተጣብቃ። ቀለሙን ብርማው ብረት እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ፣ አጥብቀህ እሰር፣ ከላይ ትንሽ ግሪስ ቀባ ዝገት እንዳይበላው። ሽቦው ከፖዘቲቩ እኩል ውፍረት ያለው ይሁን፣ ርዝመቱም ከግማሽ ሜትር አይብለጥ። ከዚያ ከቴፑ ግራውንድ ላይ አንድ ደህና ሽቦ አውጥተህ እዚያው አምፑ የታሰረበት ነጥብ ላይ እሰረው። ሁለቱ አንድ ቦታ ሲታሰሩ ልዩነቱ ይጠፋል።

ከግራውንዱ ሳትወጣ ኮፈኑን ክፈት። ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄድ የተጎነጎነ የመዳብ ሽቦ መኖር አለበት። በብዙ አሮጌ ኮሮላ ላይ ይህ ሽቦ የለም! ካምቢዮ ወይም ሞተር የወረደ ጊዜ ተፈትቶ ነው የቀረው፣ መካኒኩ መኪናው ከተነሳ ብሎ ረስቶታል። ወይም አንዱ ጫፍ ብቻ ታስሮ ሌላው በአየር ላይ ይንጠለጠላል፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ። የዲናሞው ኔጋቲቭ የሚመለሰው በሞተሩ አካል በኩል ነው። ዋናው መንገድ ሲዘጋበት ባገኘው ሽቦ ሁሉ ይዞራል። ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ መሸጫው) ሂድና አንድ ግዛ፣ ሁለቱንም ጫፍ ፋቀህ እሰር። ለዲናሞ ከምታወጣው ጋር አይወዳደርም። የባትሪውን ፖሎችም በዚያው ፈትተህ ጥረግ፣ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የተጋገረበት ፖል ፉጨትን ያባብሳል። ያረጀ ባትሪም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ባትሪ ከማስነሳት ሌላ ያን የዲናሞ ሞገድ የሚያለሰልሰው እሱ ነው።

መልቲሜትር ካለህ መገመት አያስፈልግህም። ሞተሩን አስነሳ፣ መብራትና ፋን አብራ። መልቲሜትሩን ዲሲ 2000 ሚሊ ቮልት ላይ አድርግ፣ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ፖል ላይ፣ ሌላውን የቴፑ ቆርቆሮ ላይ። ከ100 ሚሊ ቮልት በታች ካሳየህ ግራውንዱ ደህና ነው። 300 ወይም 400 ካሳየህ በሩን አገኘኸው። ያንኑ በአምፑ ግራውንድ ድገም፣ በሞተሩ ብረት ላይም ድገም።

ሌላው የገመዱ አቀማመጥ ነው። ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ፖዘቲቭና አርሲኤው በአንድ ጎን ምንጣፍ ስር ተቃቅፈው ከተኙ አርሲኤው ይለቅማል። አንዱን በሹፌሩ በኩል፣ ሌላውን በጋቢናው ተሳፋሪ በኩል አሳልፍ። መሻገር ግድ ከሆነ ቀጥ ብለው ይሻገሩ፣ ጎን ለጎን አይሂዱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልጠፋ ነው ወደ ዲናሞው የምንሄደው። ከዳዮዶቹ አንዱ ሲቃጠል ሞገዱ በጣም ያድጋል፣ ያኔ ምንም ግራውንድ አያድንህም። ሞተሩን ከሚኒሞ ትንሽ ከፍ አድርገህ የባትሪውን ሁለት ፖሎች በኤሲ ለካ። ከግማሽ ቮልት ካለፈ ዲናሞውን ጠርጥረው። በዲሲ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ መሙላት አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ያቺ በየመንገዱ የምትሸጠው ትንሿ ርካሽ መልቲሜትር ኤሲዋ ከ200 ቮልት ነው የሚጀምረው፣ እንዲህ ላለ ጥቃቅን ነገር አትሆንም፣ እንዲያውም የማይሆን ቁጥር ነግራህ ደህናውን ዲናሞ ታስጥልሃለች። ደህና መልቲሜትር ያለው ኤሌክትሪሻን ይለካልህ።

ዲናሞው ራሱ መሆኑን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። ሞተሩን አጥፍተህ ከዲናሞው ጀርባ ያለችውን ትንሿን ሶኬት ንቀል (ወፍራሙን ገመድ አትንካ)፣ ከዚያ አስነሳ። መኪናው ለጥቂት ደቂቃ በባትሪው ብቻ ይሠራል። ፉጨቱ ከጠፋ እሱ ነው፣ ካልጠፋ ሌላ ነገር ነው የሚያፏጨው፣ ለምሳሌ የፋን ሞተር።

ነገር ግን አደራህን፣ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ፖል ነቅሎ ዲናሞ የሚፈትሽ መካኒክ ካየህ ቁልፍህን ተቀብለህ ሂድ። «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» ይሉሃል። ባትሪው ድንገት ሲነሳ የዲናሞው ቮልት ከ14 ተነስቶ ወደ በርካታ አሥር ቮልቶች ሊዘል ይችላል፣ ያ ደግሞ አዲሱን ቴፕህን ባንዴ ያቃጥለዋል። የፉጨቱ ነገር በዚያው አለቀ ማለት ነው፣ ግን እንዲህ እንዲያልቅ አልፈለግህም።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ነው የምነዳው፣ የሜትር ታክሲ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ስልኬ ቻርጅ ላይ ነው። ሙዚቃ በጄክ (በኦዲዮ ገመድ) ከስልኬ ስከፍት ያፏጫል፣ ቻርጀሩን ስነቅለው ወዲያው ጥርት ይላል። ሬዲዮው ደግሞ ሁልጊዜ ይሻክራል፣ በተለይ ሸገር 102.1 ላይ። ስልኩ ነው ወይስ ቴፑ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሁለቱም ደህና ናቸው እህቴ። ያንቺው ፈተና ራሱ መልሱን ሰጥቶሻል። ስልኩ በቻርጀሩ በኩል አንድ ግራውንድ ያገኛል፣ በጄኩ በኩል ደግሞ ሌላ። ከላይ ለአዳማው ወንድማችን ያልኩት ነገር ነው፣ ያንቺው በትንሹ። በጄኩ መሀል የምትገባ አይሶሌተር የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች፣ ውስጧ ሁለት ትናንሽ ትራንስፎርመር ነው ያለው፣ ሙዚቃውን ታሳልፋለች ግራውንዱን ትቆርጣለች። ቤዙን ትንሽ ታቀጥነዋለች፣ ለታክሲ ግን ማን ልብ ይላል። ቴፑ ብሉቱዝ ካለው ደግሞ ምንም አትግዢ፣ ጄኩን ተዪው በብሉቱዝ ክፈቺ።

የሬዲዮው ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ነቅለሽ ሬዲዮውን ስሚ። ርካሽ ቻርጀር ውስጡ ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እየቆረጠ ስለሚሠራ ኤፍኤም ላይ ረብሻ ይረጫል። የፊት መብራቱን ወደ ኤልኢዲ አስቀይረሽ ከሆነም አጥፍተሽ አብሪው፣ ሻካራው አብሮ ከመጣ እሱ ነው። ሁለቱም ካልሆኑ ቴፑ ከመኪናው ጋር ከጃፓን የመጣ መሆኑን ጠይቂ። የጃፓን አሮጌ ሬዲዮ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው፣ የእኛዎቹ ፋና 98.1ም ሸገርም ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ ከአንቴናው ጋር ኤክስፓንደር የምትባል ትንሽ ሳጥን ይገጥሙለታል፣ ጣቢያውን ወደ ታች አውርዳ የምታሰማ። ርካሿ ኤክስፓንደር ደግሞ ከጣቢያው ጋር ሻካራም ታመጣለች። እሷን ከመለዋወጥ እስከ 108 የሚይዝ ቴፕ ይሻልሻል። ቪትዝ ብዙ ጊዜ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ስለሆነ የዳሽቦርዱ ሽቦም ተቆርጦ ተቀጥሎ ሊሆን ይችላል። ቴፑን ሲያወጡት በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያ ካየሽ በካውያ አስበይጂው።

ጥያቄ፦ ቮልስ አለኝ፣ ሬዲዮ ስከፍት «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ይላል። ነዳጅ ስጨምር ጠቅታው ይፈጥናል። ፍላሽ ላይ ሲሆን የለም።
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ይሄ ዲናሞ አይደለም፣ የካንዴላ እሳት ነው። ፍላሽ ላይ ከሌለ በአየር ነው የሚመጣው፣ አንቴናው ነው የሚለቅመው። ካንዴላ በተኮሰ ቁጥር እንደ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ነው።

የካንዴላውን ቁጥር እየው። ኤንጂኬ ከሆነ ከፊደሎቹ መሀል «አር» አለች ወይ? ካለች ውስጡ ሬዚስተር አለው፣ ብዙውን ጊዜ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ። ከሌለች ደግሞ ሬዚስተሩ ካንዴላው ላይ በሚሰካው ኮፍያ ውስጥ መኖር ነበረበት። አንድ ሰው ኮፍያዎቹን በማይረባ ለውጧቸው ይሆናል፣ በመልቲሜትር ለካቸው፣ ዜሮ ካሳዩህ እነሱ ናቸው። ከዚያ የአንቴናውን እግር ፍታና ከስር ፋቀው። ከቦዲው ጋር በደንብ ያልተነካካ አንቴና ጣቢያውን ትቶ ጠቅታውን ይሰበስባል። ቦቢናው (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) ላይ ከቁልፍ በሚመጣው ፖዘቲቭ በኩል ኮንደንሰር፣ ማለትም ረብሻውን የሚውጥ ትንሽ ዕቃ፣ ማስገባትም ይረዳል። ኮንደንሰሩ ወደ ፕላቲን (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ ወደሚቆራርጠው) በሚሄደው ጫፍ እንዳይታሰር ብቻ ተጠንቀቅ፣ እዚያ ከገባ ሞተሩ በደንብ አይነሳልህም።