ማግኔት የሆኑ ቀዝቃዛ አቶሞች ሲደባለቁ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሁለት ዓይነት አቶሞችን እጅግ አቀዝቅዞ ስለማደባለቅ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። በአመጣጣቸው ሳይሆን እንደተመቸኝ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ "እጅግ ቀዝቃዛ" ስትል ምን ያህል ነው?

ከፍፁም ዜሮ (ከዚያ በታች መቀዝቀዝ ከማይቻልበት ወለል) በላይ የአንድ ዲግሪ አሥር ሚሊዮንኛ ገደማ። በ1995 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዊመን ቦልደር፣ አሜሪካ ውስጥ ሩቢዲየም የተባለውን ብረት ጋዝ እዚያ አካባቢ አደረሱት። ያኔ አቶሞቹ ሁሉ እንደ አንድ ሞገድ ይሆናሉ። ቦዝ-አይንስታይን ኮንደንሴት የሚባለው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከቀዘቀዘ ለምን በረዶ አይሆንም?

ጎበዝ፣ ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ሰው ነው። ጋዙ በጣም ስስ ነው፤ ከምንተነፍሰው አየር መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይሳሳል። ሁለት አቶሞች ብቻቸውን ተጋጭተው አይጣበቁም። የሚለቀቀውን ጉልበት ይዞ የሚሄድ ሦስተኛ አቶም ያስፈልጋቸዋል። ሦስት አቶም አንድ ቦታ መገናኘቱ ደግሞ ብርቅ ነው። ስለዚህ ጥቂት ሴኮንዶች እናገኛለን፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው በእነሱ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ አቶም እንዴት ማግኔት ይሆናል? ሁሉም ነው ወይስ አንዳንዱ?

ጥንድ ያላገኙ ኤሌክትሮኖች ያሉት አቶም ትንሽ ማግኔት ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የሩቢዲየምን 1 ብንለው፣ ክሮሚየም 6፣ ኤርቢየም 7፣ ዲስፕሮሲየም 10 ነው። በሁለት አቶሞች መካከል ያለው የማግኔት ጉልበት የሁለቱ ብዜት ስለሆነ፣ ሁለት ዲስፕሮሲየሞች ከሁለት ሩቢዲየሞች 100 እጥፍ ይበረታሉ። ኤርቢየምና ዲስፕሮሲየም ሲገናኙ 70 እጥፍ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጋዝ ከጋዝ ጋር መደባለቁ ምን ይገርማል? አየርም ድብልቅ ነው።

አየርን የሚያደባልቀው ሙቀት ነው። እዚህ ሙቀት የለም ማለት ይቻላል። የሚወስነው አቶሞቹ እርስ በርስ መገፋፋታቸው ብቻ ነው። ሁለቱ ዓይነቶች እርስ በርስ የሚገፋፉት እያንዳንዱ ከራሱ ዓይነት ጋር ከሚገፋፋው ከበለጠ፣ እንደ ዘይትና ውሃ ይለያያሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማግኔትነቱ ምን ይለውጣል?

ዋናው ጥያቄ መጣ። ሁለት ማግኔቶች በእጅህ ያዝ። የአንዱ ሰሜን የሌላውን ደቡብ እንዲያይ በአንድ መስመር ብትደረድራቸው ይሳሳባሉ። ሁለቱም ሰሜናቸውን ወደ ላይ አድርገው ጎን ለጎን ቢቆሙ ይገፋፋሉ። ከመስመሩ 54.7 ዲግሪ ላይ ደግሞ መሳሳቡም መገፋፋቱም ዜሮ ነው።

አቶሞቹም እንዲሁ ናቸው። የውጭ መግነጢሳዊ መስክ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ያሰልፋቸዋል። በሌዘር የተያዘው ደመና እንደ ሲጋራ ረዝሞ መስኩ በርዝመቱ ከሄደ መሳሳቡ ያይላል። እንደ ሳንቲም ጠፍጥፎ መስኩ ቀጥ ብሎ ከቆመበት መገፋፋቱ ያይላል። አቶሞቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ቅርጹና አቅጣጫው ነው። ለእኔ የዚህ ዘርፍ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ "ይደባለቃሉ ወይ?" ለሚለው መልሱ "መያዣው ምን ይመስላል?" ይሆናል።

ኢንስብሩክ፣ ኦስትሪያ ያለው የፍራንቼስካ ፌርላይኖ ቡድን በ2018 ኤርቢየምንና ዲስፕሮሲየምን አብሮ ኮንደንሴት አደረገ። በ2022 ባሳተሙት ሥራ ደግሞ መስኩን አዞሩት፤ ሁለቱ ደመናዎች የሚቀመጡበት ቦታ ተንሸራተተ። ፎቶ የሚነሡት ለየብቻ ነው፤ ኤርቢየም በ401፣ ዲስፕሮሲየም በ421 ናኖሜትር ብርሃን። በካሜራው ላይ የሚታየው ጥላቸው ነው።

ጥያቄ፦ መሳሳቡ ካየለ ሁሉም ተሰብስቦ አይፈነዳም?

በ2016 ሽቱትጋርት፣ ጀርመን ያለው የቲልማን ፋው ቡድን ዲስፕሮሲየምን ወደዚያ ገፋው። ደመናው እንደተፈራው አልፈራረሰም፤ ብዙ ጥቃቅን ጠብታዎች ሆኖ ተደረደረ። ከመፍረስ ያዳነው የኳንተም መዋዠቅ (በዜሮ ሙቀትም የማይቆም ጥቃቅን መናወጥ) የሚሰጠው ትንሽ ግፊት ነው። ዲሚትሪ ፔትሮቭ በ2015 በሁለት ጋዞች ድብልቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠብታ እንደሚኖር በስሌት አሳይቶ ነበር፤ በ2018 በሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች ላይ ባሉ የፖታሲየም አቶሞች ድብልቅ ታየ።

ጥያቄ፦ ለስልኬ ባትሪ ይጠቅማል?

አይ።

ጥያቄ፦ የፍሪጅ ማግኔት ይዤ ብጠጋስ?

እባክህ ራቅ በል! የኤርቢየም አቶሞች ግጭት መስኩ ትንሽ በተለወጠ ቁጥር ይቀየራል። ከ0 እስከ 70 ጋውስ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ባለው ውስጥ ብቻ ወደ 190 የሚሆኑ ፌሽባክ ሬዞናንሶች፣ ማለትም ግጭቱ በድንገት የሚለወጥባቸው የመስክ መጠኖች፣ ተቆጥረዋል። የምድር መስክ ራሱ ግማሽ ጋውስ ገደማ ነው። ከእነዚያ ባንዱ ላይ ካረፍክ፣ ያ ብርቅ ያልኩት የሦስት አቶሞች ግጭት በሽ በሽ ይሆናል። አቶሞቹ ስለሚጠፉ ካሜራው ላይ ጥላቸው አይታይም።