ፎርሙን ከመላክሽ በፊት ይህን አንብቢ

እህቴ፣ እዚህ ግሩፕ ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ ትናንት ማታ ካነበብኩት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። አገርሽ ጦርነት ላይ ናት። ቤተሰቦችሽን በስልክ ማግኘት አልቻልሽም። ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዩኒቨርሲቲው "ከጎናችሁ ነን" የሚል ኢሜይል ልኮላችኋል። ሴሚስተሩን አቋርጬ ልረፍ ወይስ እንደምንም ልቀጥል ነው ያልሽው። እዚያው አገር ዩኒቨርሲቲ ስለሚያስተምረው ወንድምሽም ጠይቀሻል፤ እሱን ወደ መጨረሻ እመጣበታለሁ።

ከላይ የተሰጡሽን መልሶች አየኋቸው። አብዛኛው ሰው "ጤናሽ ይቀድማል፣ አቋርጪው" ይላል። ከልባቸው እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ ማታ ምንም ነገር አትፈርሚ እልሻለሁ።

እኔም እንዳንቺ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ የሞላበት ዩኒቨርሲቲ ነበር የምማረው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ አገር ቤት ግጭት ተነሳ፣ ስልክ ተቋረጠ። ክፍል እገባለሁ፣ መምህሩ ያወራል፣ እኔ ጠረጴዛ ሥር ስልኬን እነካካለሁ። በስድስተኛው ቀን ማታ ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል መጣ። "የሚያስፈልጋችሁን ጊዜ ውሰዱ" ይላል። ከታች ሊንክ አለው። ስከፍተው የዊዝድሮዋል፣ ማለትም የትምህርት ማቋረጫ ፎርም ነው። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ምክንያት። ምክንያት የሚለው ላይ "የቤተሰብ ችግር" ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እናቴ ደወለች። ደህና ነበረች። እህት ወንድሞቼም ደህና ነበሩ። ድምፅዋ ይቆራረጣል። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ትምህርትሽ እንዴት ነው?" ብላ ነው። ደህና ነው አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ሬጅስትራር ሄድኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ወረፋ ቆምኩ። መስታወቱ ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ ስላለው ለማውራት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። ሴትየዋ ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ አየችና፣ ቀና ሳትል፣ "ፎርሙን የሞላሽው አንቺ ነሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "እንግዲህ አልቋል" አለች። ሳምንት እንኳ አልሞላውም፣ ቤተሰቦቼ ይሙቱ ይኑሩ ሳላውቅ ነው የሞላሁት፣ ይመለስልኝ ብዬ ለመንኳት። "ሲስተሙ አይመልስም" አለችና ከኋላዬ ያለውን ልጅ ጠራችው። ይህን ስጽፍ እንኳ ሆዴ ይረበሻል። አልችልም ማለት መብቷ ነው። ቀና ብላ ብታየኝ ግን ምን ነበረበት?

ከዚያ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ሬጅስትራር ወደ ፋይናንስ፣ ፋይናንስ ወደ ዲፓርትመንት፣ ዲፓርትመንት ወደ ሬጅስትራር። በመጨረሻ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ደረስኩ። እዚያ ያለው አማካሪ ደግ ሰው ነበር። ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃ ሰጠኝ። ፋይሌን አንብቦ ሲጨርስ ግን "ፎርሙን ከመላክሽ አንድ ቀን ቀድመሽ ብትመጪ ኖሮ አራት አምስት መንገድ ነበረን" አለኝ።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ይህ ነው። ከውጭ የመጣ ተማሪ ሲያቋርጥ የሚያቋርጠው ትምህርቱን ብቻ አይደለም። በአንድ ፎርም የመኖሪያ ፈቃዴ ተነካ። ስኮላርሺፑ ቆመ። ዶርሙን በ10 ቀን ልቀቂ ተባልኩ። የጤና መድኅኑም ተዘጋ፤ ያውም የሥነ ልቦና ሐኪም ለማየት ቀጠሮ ይዤ ሳለ። ያንን ኢሜይል የጻፉት ሰዎች በአእምሯቸው የነበረው ወላጆቹ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያሉ ተማሪ ነው። እሱ ቢያቋርጥ ቤቱ ሄዶ ያርፋል። እኔ የት ልሂድ? ስንት አገር ተማሪ እንዳላቸው በየብሮሹሩ የሚጽፉ ሰዎች ይህን አለማሰባቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ተመልሼ የተመዘገብኩት ጃንዋሪ 2020 ነው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ሄደብኝ።

ስለዚህ በቅደም ተከተል ላስቀምጥልሽ።

1. መጀመሪያ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ። ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል፣ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። አሜሪካ በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ያለ ተማሪ ቢሮው ፈቅዶለት ካቋረጠ ከአገር ለመውጣት 15 ቀን አለው፤ ሳያስፈቅድ ካቋረጠ አንድም ቀን የለውም። ያጣውን ሕጋዊ የተማሪነት ሁኔታ ለማስመለስ ማመልከት ያለበትም በመሠረቱ በ5 ወር ውስጥ ነው። ካናዳ ከትምህርት የሚወሰድ ፈቃድ ከ150 ቀን እንዳይበልጥ ይጠበቃል። እንግሊዝ ደግሞ ከ60 ቀን በላይ የምትርቂ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው በአብዛኛው የቪዛሽን ስፖንሰርነት ያነሳል። አንቺ ያለሽበትን አገር አልጻፍሽም። የትም ሁኚ፣ ከመፈረምሽ በፊት "ይህ የመኖሪያ ፈቃዴን ይነካል ወይ?" ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ። በቃል "ችግር የለውም" ያለኝ ሰው በኋላ "እንደዚያ አላልኩም" ብሎኛል።

2. ከማቋረጥ በፊት ያሉትን ደረጃዎች ጠይቂ። እኔ "መቀጠል" እና "ማቋረጥ" ብቻ ያሉ መስሎኝ ነበር። በመሃል ብዙ ነገር አለ። የፈተና ቀን ማዘዋወር አለ። ኢንኮምፕሊት አለ፤ መምህሩ ከተስማማ ኮርሱ ክፍት ሆኖ ይቆይና የቀረሽን ሥራ በኋላ ታስገቢያለሽ። ተፈቅዶ የኮርስ ብዛት መቀነስ አለ። አሜሪካ ከሆንሽ የአገርሽን ስም ከልዩ የተማሪዎች እፎይታ (ስፔሻል ስቱደንት ሪሊፍ) ዝርዝር ውስጥ ፈልጊው። መንግሥት ቀውስ ላለባቸው የተወሰኑ አገሮች ማስታወቂያ ያወጣል። አገርሽ ከገባች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እስከ 6 ክሬዲት፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ እስከ 3 ክሬዲት ዝቅ አድርጎ እንደ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ሊቆጠር ይችላል። ከተለመደው ሰዓት በላይ መሥራትም ሊፈቀድለት ይችላል። ሁሉም ግን አስቀድሞ የቢሮውን ፈቃድ ይፈልጋል።

ለእኔ ኢንኮምፕሊት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ይህን የነገረችኝ የዲፓርትመንታችን ጸሐፊ ናት። ኮሪደር ላይ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ ብላ ጠራችኝ። ከሦስት መምህራን ሦስት ፊርማ፣ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ነገር ነበር። ስትነግረኝ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። አንቺ ግን የዲፓርትመንትሽን ጸሐፊ ነገ ጠዋት ሄደሽ አነጋግሪ። ዲኑን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ እሷ የትኛው ወረቀት በማን እጅ እንደሚያልፍ ታውቃለች።

3. ብቻሽን አትሁኚ። ይህን ሁሉም ሰው ይላል፤ እኔ የምለው ግን ለማጽናናት ብቻ አይደለም። በቀውስ ጊዜ ትክክለኛው ወሬ ከዩኒቨርሲቲው ቀድሞ የሚመጣው ከተማሪው ነው። እኔ ይህን በደንብ ያየሁት በተመለስኩ በሁለተኛው ወር ነው።

ማርች 11 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ አወጀ። ሃርቫርድ ከአንድ ቀን በፊት ተማሪዎቹን እስከ ማርች 15 ድረስ ዶርም ልቀቁ ብሎ ነበር። የእኛም ብዙ አልቆየም። "ወደየቤታችሁ ሂዱ" የሚል ኢሜይል መጣ። ድንበር እየተዘጋ፣ በረራ እየተሰረዘ፣ ቤታችሁ ሂዱ። በዩኔስኮ ቁጥር በዚያ ሰሞን በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪ ትምህርት ቤቱ ወይም ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶበት ነበር። እኛ ሕንፃ ውስጥ ግን ጉዳዩ ዘጠኝ ልጆች የት ይደሩ የሚል ነበር።

በዚህ ጊዜ ግን አልተደናገጥኩም። ይህን በኩራት ነው የምጽፈው። ኢሜይሉ በደረሰ በሰዓቱ የወጥ ቤቱ ፍሪጅ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ አገር፣ ቪዛው የሚያልቅበት ቀን፣ መድኃኒት የሚወስድ ካለ። እስከ ማታ ዘጠኙም ሞልተውት ነበር። አንዷ ልጅ ኢንሱሊን እንደምትወስድ አብረን ስንኖር አላወቅንም፤ ያወቅነው ከዚያ ወረቀት ነው። በማግስቱ ዘጠኛችንም በአንድ ደብዳቤ "ዶርም እንድንቆይ ይፈቀድልን" ብለን ጠየቅን። በየስማችን ምክንያታችንን ዘረዘርን፦ የተሰረዘ በረራ፣ የተዘጋ ድንበር፣ ኢንተርኔት የሌለበት አካባቢ። ለየብቻ የጻፉት ጆሮ ዳባ ልበስ ተብለዋል። የእኛ ደብዳቤ በሁለት ቀን መልስ አገኘ። ዘጠኛችንም ቆየን።

አገራቸው የተመለሱት ጓደኞቻችን ደግሞ በኦንላይን ክፍል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እየተነሱ ይማሩ ነበር። አንደኛው ቤተሰቡ እንዳይነቃ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር የሚገባው። ካሜራውን ከፍቶ ከኋላው ነጭ ሸክላ ሲታይ አንድ መምህር "ቦታህን አስተካክል" አሉት። የተማሪዎች ተወካያችን የየአገሩን ሰዓት በሰንጠረዥ አውጥቶ ለዲኑ ላከ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ እየተቀረጸ መለቀቅ ጀመረ።

ተማሪው ሲጮህ ዩኒቨርሲቲዎችም ሊቆሙለት እንደሚችሉ ያን ዓመት አይተናል። ጁላይ 6 ቀን 2020 የአሜሪካ መንግሥት ትምህርታቸው ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ የውጭ ተማሪዎች አገሩ ውስጥ መቆየት አይችሉም አለ። ሃርቫርድና ኤምአይቲ በሁለት ቀን ውስጥ ከሰሱ። ጁላይ 14 መንግሥት ውሳኔውን አነሳ። ያን ቀን አሜሪካ የነበሩ ጓደኞቼ ስልክ ላይ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ።

2022 ላይ ደግሞ የባሰ መጣ። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር እዚያ ከ70 ሺህ በላይ የውጭ ተማሪዎች ነበሩ። ሱሚ በምትባል ከተማ በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ መውጫ አጥተው፣ በረዶ አቅልጠው እስከመጠጣት ደርሰዋል። የትኛው ባቡር እንደሚሄድ፣ የትኛው ድንበር እንደሚያሳልፍ ብዙዎቹ የሚሰሙት በቴሌግራምና በዋትስአፕ ከሌሎች ተማሪዎች ነበር። ስለዚህ የአገርሽ ልጆች ግሩፕ ካለ ግቢ። ከሌለ ሦስት ሰው ይበቃል፣ ፍጠሪው። የሌላ አገር ልጆችንም ጨምሪ። እኔን በዚያ ክፉ ጊዜ ሶፋዋ ላይ ያስተኛችኝ ከአገሬ ሰው አይደለችም። እሷም አገሯ ተመሳሳይ ነገር አይታ ስለነበር ምንም ሳትጠይቀኝ ነው ቁልፍ የሰጠችኝ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ቤተሰብ መላክ ስላልቻለ ብለሽ አትፈሪ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የአስቸኳይ ጊዜ የተማሪ ድጋፍ አላቸው፤ ግን ራሳቸው ጠርተው አይሰጡሽም። ስሙን ጠርተሽ ጠይቂ። "ክፍያ የማራዘሚያ ፎርም አለ ወይ?" ብለሽም ለየብቻ ጠይቂ። እኔ ይህን ባለማወቄ መጽሐፎቼንና ላፕቶፔን ሸጫለሁ።

ስለ ወንድምሽ። ለተማሪ ያለውና ለመምህር ያለው ድጋፍ የተለያየ ነው፤ እዚህ ግሩፕ ላይ ሲደባለቅ አያለሁ። ለመምህራንና ለተመራማሪዎች እንግሊዝ ውስጥ ካራ የሚባል ድርጅት አለ፤ የተቋቋመው 1933 ላይ ከናዚ ጀርመን የተባረሩ ምሁራንን ለማገዝ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ስኮላርስ አት ሪስክ የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች መረብ ከ1999 ጀምሮ አደጋ ላይ ያሉ ምሁራንን ከሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያገናኛል። አሜሪካ ያለው አይአይኢ የሚባል የትምህርት ድርጅት የስኮላር ሬስኪዩ ፈንድም (አደጋ ላይ ያሉ ምሁራንን የሚረዳ ገንዘብ) ከ2002 ወዲህ አለ። ለአደጋ የተጋለጡ ምሁራንን የሚረዳው የጀርመኑ የፊሊፕ ሽዋርትዝ ፕሮግራም 2015 ላይ የተጀመረ ሲሆን፣ ለእሱ የሚያመለክተው ተቀባዩ ተቋም ነው እንጂ ምሁሩ ራሱ አይደለም። ወንድምሽ ስልክና ኢንተርኔት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የዲግሪውና የሥራ ልምዱ ማስረጃ ኮፒ ነው። አሁኑኑ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፤ አንቺ ጋ ይቀመጥ። የዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ከተቃጠለ ማስረጃ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ በአጎቴ አይቻለሁ።

ለመምህሮችሽ ኢሜይል ስትጽፊ ረጅም ታሪክ አታድርጊው። እኔ ሁለት ገጽ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። "አገሬ ጦርነት ላይ ናት፣ ቤተሰቤን ማግኘት አልቻልኩም፣ በዚህ ኮርስ ኢንኮምፕሊት እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፣ ቀሪውን ሥራ እስከዚህ ቀን አስገባለሁ።" ይህ ይበቃል። ቀኑን ራስሽ አስቀምጪ። ግልባጩን ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ላኪ።

የላኩልሽን ኢሜይል ስክሪንሾት አድርገሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ሊንኩ የት እንደሚወስድ አብረን እንየው። ዛሬ ሌሊት አልተኛም፣ በማንኛውም ሰዓት ጻፊልኝ። እናትሽ ስትደውልም ንገሪኝ።