ልጄ በ16 ዓመቱ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ፤ አሁን ግን ከክፍሉ አይወጣም

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አራት ኪሎ አካባቢ የምንኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ 5ኛ ክፍል ነበር፤ ቤት ቁጭ ብሎ የራሱንም የ6ኛንም መጽሐፍ ጨረሰው። ትምህርት ሲከፈት ተመለሰ፤ ግን የሚያውቀውን ሲያስተምሩት ይሰለቸዋል፣ ያወራል፤ «ይረብሻል» ተብሎ ወላጅ አምጣ የማይባልበት ወር አልነበረም። ጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲሉ ሰማሁና እንቅልፍ አጣሁ። በዚያው ዓመት የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ እንደተፈተነ ከትምህርት ቤት አስወጣሁት። የባንክ ሥራዬን ለቅቄ፣ በኦንላይን የአሜሪካ ትምህርት ቤት አስመዝግቤው ቤት ውስጥ አብሬው ተማርኩ ማለት ይቻላል። መብራት ሲጠፋ በስልኬ ዳታ እየከፈትን፣ የሁለተኛ ደረጃን የአራት ዓመት ትምህርት በሁለት ዓመት ጨረሰ። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ዲፕሎማው መጣ፤ ዘመድ ጠርተን ደገስን።

ከዚያ ወዲህ ልጄን አላውቀውም። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል። እንግዳ ሲመጣ በሩን ይዘጋል። የድሮ ትምህርት ቤቱን አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ነው የሚውለው፤ እጅጌው ክርኑ ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ «ልጣለው» ስል ይቆጣል። እኔ ጊዜው ሳያልፍ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ እንዲያመለክት እፈልጋለሁ፤ ቅጹን አይነካውም። አባቱ «ልጄን አስቀረሽብኝ፤ 11ኛ ገብቶ ከእኩዮቹ ጋር ይማር» ይላል። አማቴም «ልጅ ከዕድሜው ቀድሞ ከሮጠ ይጎዳል ብዬ ነበር» ትላለች። ከባለቤቴ ጋር ሳንጣላ የምናድርበት ቀን የለም። ማናችን ነን ትክክል? እባክዎ አንቱ አይበሉኝ፤ እንደ ታናሽ እህትዎ ይምከሩኝ።

መልስ

እህቴ፣ እንዳልሽው አንቺ እያልኩ እጽፋለሁ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዲፕሎማውን፣ ቅጹን፣ የባልሽን ቁጣ አልፌ ዓይኔ የቀረው ሹራቡ ላይ ነው። አንቺ በመሀል ጣል አድርገሽው ነው ያለፍሽው። ለእኔ ግን ከጻፍሽልኝ ሁሉ ልጅሽ ራሱ የሚናገረው በእሱ ብቻ ነው። የቀረው አንቺ፣ አባቱና አያቱ ስለ እሱ የምትሉት ነው። ልጁ «እንዲህ አለኝ» የምትዪው አንድ ዓረፍተ ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ።

እስቲ ያንን ሰኔ መለስ ብለሽ አስቢው። 14 ዓመቱ ነው። ሚኒስትሪ ተፈትነው ሲወጡ ጓደኞቹ «መስከረም እንገናኝ» ተባብለው ነው የተለያዩት። መስከረም ሲጠባ ሁሉም ተመለሱ፤ እሱ ብቻ አልመጣም። ማንም አልሸኘውም፣ እሱም ማንንም አልተሰናበተም። ከእሱ ጋር የነበሩት አሁን 11ኛ ክፍል ናቸው። ከፊታቸው ከለር ዴይ አለ፣ ሸሚዝ ላይ መፈራረም አለ፣ የጥናት ቡድን አለ፣ ፈተናውን አብሮ መፍራት አለ። የልጅሽ ምርቃት የመጣው በኢሜይል ነው። ድግሱ ላይ የተገኙት ደግሞ እንደምገምተው የእናንተ ዘመዶችና ጎረቤቶች ናቸው፤ በዕድሜው ያለ ስንት ሰው ነበር? ሹራቡን የሚለብሰው በርዶት አይመስለኝም። ሳይሰናበተው የቀረው ነገር ከእጁ የቀረለት ያ ብቻ ስለሆነ ነው።

አማትሽ ያሉትን ብዙ ሰው ይለዋል፤ ጥናቱ ግን እንዲያ አይልም። ጁሊያን ስታንሊ የተባሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1971 በሒሳብ ከእኩዮቻቸው እጅግ የላቁ ታዳጊዎችን መከታተል ጀመሩ። ጥናቱ ለአሥርተ ዓመታት ቀጥሏል። ከልጆቹ ውስጥ ክፍል የዘለሉ አሉ፣ በ14 እና በ15 ዓመታቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡም አሉ። በአጠቃላይ ሲታይ ቀድመው በመሄዳቸው ብቻ ስሜታቸው ወይም ከሰው ጋር ያላቸው ኑሮ የተፈራውን ያህል ሲጎዳ አልታየም። ስለዚህ «ልጄን አጠፋሁት» ብለሽ የምታድሪ ከሆነ ተዪው። ባልሽም ይህችን አንቀጽ ቢያነባት ደስ ይለኛል።

ነገር ግን እነዚያ ልጆች ሲዘልሉ የሚያርፉበት ነበራቸው። ከፍ ያለ ክፍል ነበር፣ አስተማሪ ነበር፣ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ነበር፣ ጠዋት ተነስተው የሚሄዱበት ነበር። ልጅሽ ዘለለና ያረፈው መኝታ ቤቱ ውስጥ ነው። ችግሩ ቶሎ መጨረሱ ሳይሆን ጨርሶ የሚደርስበት ቦታ አለመዘጋጀቱ ነው።

እንግዳ ሲመጣ በሩን መዝጋቱንም ከዚህ ጋር አያይዤ ነው የማየው። እኛ አገር ትልቅ ሰው ልጅ ሲያገኝ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ስምህ ማነው፣ ስንተኛ ክፍል ነህ። ልጅሽ ለሁለተኛው መልስ የለውም። «ጨርሻለሁ» ቢል የሚያምነው የለም። የሚያምነው ቢያገኝም ቀጥሎ «ታዲያ አሁን ምን ትሠራለህ?» ይመጣል። አሥር ጊዜ ከዚህ ጋር ከመጋፈጥ በር መዝጋት ይቀላል። ኤሪክ ኤሪክሰን የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ የጉርምስና ዋናው ሥራ «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው መልስ መፈለግ እንደሆነ ጽፈዋል። ታዳጊ መልሱን እስኪያገኝ የመጨረሻ ውሳኔ የማይጠየቅበት፣ ይህንንም ያንንም የሚሞክርበት ጊዜ ሊሰጠው ይገባል ይላሉ። ልጅሽ ይህ ጊዜ በእጁ ነው። ከእኩዮቹ ሁለት ዓመት አትርፏል። ያተረፈውን ግን አንቺ በቅጽ፣ አባቱ በ11ኛ ክፍል ልታስወጡት እየተሻማችሁ ነው።

ስለ እንቅልፉ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ «ሰነፈ» እያላችሁት ከሆነ ይቅር። በዚህ ዕድሜ ሰውነት እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የሚለቅበት ሰዓት ራሱ ወደ ሌሊቱ ይገፋል። በዚያ ላይ የእናንተ ትምህርት ቤት ያለው አሜሪካ ነው። የምሥራቁ ክፍላቸው እንኳ ከእኛ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እነሱ ከምሳ በኋላ ሲያስተምሩ እኛ ጋ ሰው እየተኛ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት በዚያ ሰዓት ኖሯል። ዲፕሎማ ስለመጣ ብቻ ሰውነቱ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት አይመለስም፤ ጩኸትም አይመልሰውም። የሚመልሰው የጠዋት ብርሃን ነው። የሚነሳበትን ሰዓት በየሁለት ሦስት ቀኑ ግማሽ ግማሽ ሰዓት አቅርቡት፤ እንደተነሳ ከደጅ የሚያስወጣው ትንሽ ጉዳይ ይኑረው፤ ዳቦም ቢሆን ይግዛ። ማታ ስልኩን ሳሎን ማሳደር እሱ ላይ ብቻ ሳይሆን ሁላችሁም ላይ የሚሠራ ደንብ ይሁን።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፤ ቅር እንዳይልሽ። የቸኮለው ማነው? ጥር 2015 እንቅልፍ ያጣሽው አንቺ ነሽ። በዚያ ወር ያልደነገጠ ወላጅ አላጋጠመኝም፤ ፍርሃትሽ መሠረት ነበረው። የአሜሪካው ሥርዓት ተማሪን የሚያስመርቀው ክሬዲት፣ ማለትም ለተጨረሰ ትምህርት የሚሰጥ ነጥብ፣ ቆጥሮ ስለሆነ ለሚተጋ ልጅ መንገዱ ያጥራል፤ አንቺም ያንን አየሽና ሥራሽን ሰጥተሽ፣ ቤትሽን ክፍል አድርገሽ አስጨረስሽው። የሠራሽው ትልቅ ሥራ ነው፤ ይህን ያለሽ ሰው ስለመኖሩ ግን እንጃ። ታዲያ ነሐሴ ላይ ያለ ሥራ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ተማሪውና አስተማሪው። አንቺ ባዶነቱን በዩኒቨርሲቲ ቅጽ ልትሞዪው ሞከርሽ፤ እሱ በእንቅልፍ። እስቲ ለአንድ ሳምንት ከእሱ ጋር የምታወሪውን ልብ በዪ። ስለ ማመልከቻ፣ ስለ ቀነ ገደብና ስለ መተኛቱ ያልሆነ ስንት ወሬ ታገኛለሽ? ያ ልጅ ሁለት ዓመት እናቱን ለአስተማሪ አበድሯል። አሁን ሊመለስለት የሚገባው እናትየው ናት።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቅጹን እስከ መስከረም አንሺው። ለእሱም በግልጽ ንገሪው። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር አለ። እኛ ዘንድ ወላጅ ልጁን ይቅርታ መጠየቅ ብዙም አልተለመደም፤ ክብር የሚቀንስ ይመስለናል። እኔ ግን «ከትምህርት ቤት ሳስወጣህ አልጠየቅኩህም፤ ጓደኞችህን እንድትሰናበት ጊዜ አልሰጠሁህም፤ ይቅር በለኝ» እንድትዪው እመክርሻለሁ። ይህን ብለሽ ዝም በዪ። «ግን ለአንተው ብዬ ነው» የምትለዋን አትጨምሪ። መልስ ባይሰጥሽም፣ ጀርባውን ቢያዞርም ገብቶታል።

ባልሽን በሚመለከት፣ «አስቀረሽብኝ» የሚለው ቃል ውስጥ ሁለት ዓመት በር ላይ ቆሞ የቀረ አባት ይታየኛል። ትምህርቱ የአንቺና የልጁ ጉዳይ ሆኖ ነበር። 11ኛ ይግባ ሲል ልጁ ሰው ይፈልጋል ማለቱ ከሆነ ልክ ነው፤ ከእኔም ጋር ይስማማል። የጨረሰውን ይድገም ማለቱ ከሆነ ግን ልጁን ሳይጠይቁት ለሁለተኛ ጊዜ ማዛወር ነው። ልጁ ራሱ፣ በራሱ አንደበት፣ ብሔራዊ ፈተናውን ልፈተን ካለ ያኔ ሌላ ነገር ነው። አስቀረሽብኝ የሚለውን ቃል ግን ከዛሬ ጀምሮ ቤታችሁ ውስጥ አታሰሙ። በሩ የተዘጋ ነው እንጂ ጆሮው አልተዘጋም፤ «የቀረ ልጅ» መሆኑን በየቀኑ ከግድግዳው ማዶ ይሰማል።

ለባልሽ ደግሞ ሥራ ስጪው። የዲፕሎማው ጉዳይ በደንብ መጣራት አለበት፤ በወሬ አትኑሩ። ትምህርት ቤቱ እንደ ኮግኒያ ባለ እውቅና ሰጪ ተቋም የተመዘገበ መሆኑን ይመልከት። የውጭ ማስረጃን አቻ ግምት የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ትራንስክሪፕቱን ይዞ ሄዶ አገር ውስጥ ለመማር ምን እንደሚያስፈልግ በአካል ይጠይቅ። ልጁንም ይዞት ይሂድ። ወረፋ ይዘው ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት አብረው የተቀመጡ አባትና ልጅ ማውራታቸው አይቀርም፤ ከቢሮው ከሚመጣው ወረቀት ይልቅ እኔ ተስፋ ያደረግሁት በዚያ ወሬ ነው።

መሄጃ ቦታውም ሩቅ አይደለም። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አራት ኪሎ አለላችሁ። የሚያነበውን አትምረጪለት፤ ምን አነበብክ ብለሽም አትጠይቂው። ሰው መሀል መቀመጡ ለጊዜው ይበቃል። ኳስ የሚወድ ከሆነ ጃንሜዳ ቅርብ ነው። ከቤት የሚያወጣ፣ ሰዓት ያለው፣ ሌላ ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር በሳምንት ሁለት ቀን ከኖረው ጥሩ ጅምር ነው። ያንንም የሚመርጠው እሱ ይሁን። አንቺም ስለ ሥራሽ ማሰብ ጀምሪ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው እየተጠባበቀ መዋሉ ለሁለታችሁም አይበጅም።

አንድ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። ምግብ መብላት ካቆመ፣ መታጠብ ከተወ፣ ድሮ የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላውና ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ድብርት ሊሆን ይችላልና ባለሙያ ይየው። «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚመስል ቃል ከሰማሽ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አትጠብቂ፤ ብቻውን ሳትተዪው የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰጂው። አማኑኤል ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ግን ለዚሁ የተማሩ ሐኪሞች ያሉበት ሆስፒታል ነው፤ እዚያ ልጅን መውሰድ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ይህንንም በቀጥታ ጠይቂው፤ «መኖር ያስጠላህበት ጊዜ አለ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን በልጅ ጭንቅላት አይተክልም።

ሹራቡን አትጣዪው። አጥበሽ ስትመልሺለት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጪና «ይህን ለብሰህ ስትማር አጠገብህ የሚቀመጠው ማን ነበር?» በዪው። የሚነግርሽን ስም ያዢ። የዚያን ልጅ እናት ስልክ ታገኚው ይሆናል፤ በወላጅ ስብሰባ ሳትተዋወቁ አትቀሩም። መጀመሪያ ግን «ቅዳሜ ልጥራው?» ብለሽ ጠይቂው፤ እሺ ካለሽ ምሳ ሠርተሽ ሁለቱን ብቻቸውን ተዪያቸው።