ዋጋው ወረደ እንጂ መኪናው አልወረደም

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስ፣ አውዲና ፖርሽ ናቸው። ጠያቂዎቹ መኪናውን የገዙት ከሌላ ሰው እጅ ነው። እነዚህ መኪኖች አዲስ ሲሆኑ ዋጋቸው አይቀመስም። ስምንት፣ አሥር ዓመት ሲሞላቸው ግን ክፉኛ ይወርድና ተራ መኪና በሚገዛበት ገንዘብ ይገኛሉ። የወረደው የመሸጫ ዋጋቸው ብቻ ነው። የሚፈልጉት ዘይት፣ የሚገጠምላቸው ዕቃና የሚነካቸው ባለሙያ እንደ ድሮው ነው። ብዙው ጥፋት የሚመጣው ይህን ከመርሳት ስለሆነ ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ 8 ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ቢኤምደብሊው ገዛሁ። 130,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። የካምቢዮ ዘይቱ ይቀየር ስለው መካኒኬ «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፤ ከነካኸው ካምቢዮው ይሞታል» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ መካኒክህ ከራሱ አልፈጠረውም። ዘይቱ በመደበኛው የሰርቪስ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የዕድሜ ልክ ነው ተብሎም ለዓመታት ተነግሯል። ግን አብዛኛውን የቢኤምደብሊው 8 ማርሽ ካምቢዮ የሠራው ዜድኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። ዜድኤፍ ራሱ ዘይቱ እንደ አነዳዱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ወይም 8 ዓመት ሲሞላው እንዲቀየር ይመክራል። እኔ የማምነው ዕቃውን የሠራውን ነው። ያንተ ጊዜው አልፎበታል፤ ቀይረው።

ዘይቱ በሙቀት ይደክማል። በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮን የሚባሉ ዲስኮች ሲፋተጉ የሚወጣው ብናኝም እዚያው ይጠራቀማል። ይህ ቆሻሻ ማርሽ የሚያቀያይሩትን ቀጫጭን ቫልቮች ያውካል። መጀመሪያ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ማርሹ ይዘገያል፤ ከዚያ መምታት ይጀምራል።

«ከነካኸው ይሞታል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ብዙ ሰው ዘይቱን የሚቀይረው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ያለቀ ፍሪሲዮን ደግሞ በአዲስ ዘይት አይድንም። ጥቂት ቆይቶ ጭራሽ ሲቆም ጥፋቱ በዘይቱ ይላከካል።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ካምቢዮዎች ላይ ፊልትሮው ከስር ዘይት ከሚይዘው የፕላስቲክ ኮፓ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው። ስለዚህ ኮፓው እንዳለ ይቀየራል። የዘይቱ ልክ የሚታየው ሞተሩ እየሠራ፣ የዘይቱ ሙቀት በኮምፒውተር እየተነበበ ነው። ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ጋራዥ ስትገባ «ስንት ዲግሪ ላይ ነው ልኩን የምታዩት?» ብለህ ጠይቅ። መልስ ከሌላቸው ቁልፍህን ይዘህ ውጣ።

ጥያቄ፦ የሞተር ዘይት ስገዛ የማየው 5ደብሊው-30 መሆኑን ብቻ ነው። ይበቃል? አውዲዬ ናፍጣ ነው።

መልስ፦ አይበቃም። ያ ቁጥር የሚነግርዎት የዘይቱን ውፍረትና ቅጥነት ብቻ ነው። ሁለት 5ደብሊው-30 ዘይቶች በውስጣቸው ያለው ኬሚካል ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል። ማየት ያለብዎት በዘይቱ ጣሳ ጀርባ የተጻፈውን የአምራቹን ፈቃድ ቁጥር ነው። ለአውዲና ለቮልስዋገን ብዙ ጊዜ 504 00/507 00፣ ለመርሴዲስ 229.51፣ ለቢኤምደብሊው ሎንግላይፍ-04፣ ለፖርሽ ሲ30 ወይም ኤ40 ይላል። ለእርስዎ ሞተር የሚሆነው የትኛው እንደሆነ በመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ።

ይህ ለናፍጣ መኪና በተለይ ወሳኝ ነው። በጭስ ማውጫው ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አለ። ጥቀርሻው በሙቀት ተቃጥሎ ይጸዳል። ዘይት ሲቃጠል የሚተወው አመድ ግን አይቃጠልም፤ እዚያው ይከማቻል። 507 00 አመዱ እንዲያንስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ያልተፈቀደ ዘይት ሲጨምሩ ማጣሪያውን ከጊዜው በፊት ይደፍኑታል። በዘይት ላይ የተረፈችው ገንዘብ ማጣሪያ ለመግዛት አንድ አሥረኛዋን እንኳ አትሸፍንም።

ስለ ቆይታው ልጨምር። የቮልስዋገን የረጅም ጊዜ ሰርቪስ እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ወይም 2 ዓመት ይፈቅዳል። ያ ረጅም መንገድ በተረጋጋ ፍጥነት ለሚሄድ መኪና ይሆናል። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ለሚውል አሮጌ ሞተር እኔ ከ10,000 ኪሎ ሜትር ወይም ከአንድ ዓመት አላሳልፍም። በመሃልም ልኩን ይዩ። ብዙዎቹ አዳዲሶቹ የዘይት መለኪያ ዘንግ የላቸውም፤ ከዳሽቦርዱ ሜኑ ውስጥ ገብተው ነው የሚያዩት። ሰው ዘንጉን ሲያጣ ማየቱንም ተወው፤ ይህ ብዙ ሞተር አስበልቷል።

ጥያቄ፦ የቢኤምደብሊውዬን ባትሪ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ የባትሪ ማስጠንቀቂያ እየመጣ ነው፤ ቀይ መብራት ላይ ስቆም ሞተሩ ራሱን ማጥፋቱም ቀርቷል። የሸጠልኝ ሰው ባትሪው አዲስ ነው ብሎ ይምልልኛል።

መልስ፦ ባትሪው አዲስ ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ግን አያውቅም። የባትሪ ሴንሰር ያላቸው ቢኤምደብሊዎች ባትሪው ስንት ጊዜ እንዳገለገለ እየመዘገቡ ነው ቻርጅ የሚያደርጉት። አዲስ መግባቱ በኮምፒውተር ካልተመዘገበ አዲሱን እንደ ደከመው አሮጌ ባትሪ ይይዙታል። ምዝገባው የደቂቃዎች ሥራ ነው። በብዙ የአውዲ ሞዴሎችም ተመሳሳይ ነገር አለ።

ሌላው ዓይነቱ ነው። ሞተር በራሱ የሚያጠፋና የሚያስነሳ መኪና ኤጂኤም የሚባለውን ጠንካራ ባትሪ ይዞ ከወጣ በኤጂኤም ነው የሚተካው። ዋጋው ረከሰ ብለሽ ተራ ባትሪ ካስገባሽ ቶሎ ይሞታል። የተገጠመልሽን ባትሪ ክዳኑ ላይ አንብቢው።

ጥያቄ፦ የመርሴዲሴ ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እየጎደለ ውሃ እጨምራለሁ። ወዳጄ አረንጓዴ ኩላንት ሰጠኝ፤ የኔ ሰማያዊ ነው። ልቀላቅለው? ሙቀቱ ቢጨምርብኝስ ቤት እስክደርስ ልነዳው እችላለሁ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። አይነዱት። የሙቀት ማስጠንቀቂያው ቀይ ሲሆን ጥግ ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፤ ክዳኑንም ትኩስ እያለ እንዳይነኩ። «ቤቴ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀረኝ» የሚለው ሐሳብ ነው ሞተር የሚያስወርደው። የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ነው። ከልክ በላይ ሲግል ይጣመማል፤ ከስሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይበላል፤ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። የኩላንቱን ፍሰት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት በመቀየር ብቻ ያልቅ የነበረ ሥራ ሙሉ ሞተር ይሆናል።

ኩላንት እንደ ነዳጅ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከጎደለ የሚሄድበት ቦታ አለ። በነዚህ መኪኖች ላይ ብዙዎቹ መገጣጠሚያዎች፣ የኩላንቱ ማጠራቀሚያ፣ የቴርሞስታቱ ቤት ፕላስቲክ ናቸው። ለዓመታት ሲግሉና ሲበርዱ ይደርቁና ይሰነጠቃሉ። ሞተሩ ሲበርድ ኮፈኑን ከፍተው በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ደርቆ የቀረ ነጭ ወይም ባለ ቀለም ቅርፊት ካዩ ያፈሰሰው በዚያ ነው። ምንም ካልታየ ሲስተሙን በግፊት የሚፈትሽ ጋራዥ ይሂዱ። ምንጩን ሳያገኙ ውሃ መጨመር የኩላንቱን የዝገት መከላከያ እያቀጠኑ መሄድ ነው።

በቀለም አይመሩ። ቀለሙ በአምራቾች መካከል ስምምነት የለውም፤ ሁለት አረንጓዴዎች የተለያየ ኬሚካል ሊይዙ ይችላሉ። የማይስማሙ ከተቀላቀሉ ዝቃጭ ሊፈጥሩና የራዲያተሩን ቀጫጭን መስመሮች ሊዘጉ ይችላሉ። የመርሴዲስ ፈቃድ ያለውን ገዝተው ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ያዋህዱ።

ቢኤምደብሊው ላላችሁም አንድ ነገር። ኤን52፣ ኤን54 እና ኤን55 የሚባሉት ባለ 6 ሲሊንደር ሞተሮች የውሃ ፖምፓቸው በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚቆመው። ብዙዎቹ ሞዴሎች የሞተር ሙቀት መለኪያም የላቸውም፤ የምታዩት ሞተሩ ሲግል የሚመጣውን መልእክት ብቻ ነው። እኔ 100,000 ኪሎ ሜትር ካለፈ ሳይሞት ቀይሩት እላለሁ፤ ከቴርሞስታቱ ጋር።

ጥያቄ፦ የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ መኪናው ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ ይሄዳል።

መልስ፦ አቁመው። ብልጭ ድርግም ማለቱ አንዱ ሲሊንደር እየሳተ ነው ማለት ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ ማውጫው ላይ ጭሱን የሚያጸዳው ካታላይቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ገብቶ እዚያ ይቃጠላል፤ ውስጡንም ያቀልጠዋል። ብዙ ጊዜ መነሻው ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ነው። ሁለቱም ከኮንቨርተሩ ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው ኢምንት ነው።

ሳይበልጭ ዝም ብሎ የበራ ቢጫ መብራት ጥቂት ቀን ይታገሣል፤ ግን ባትሪ ነቅለህ አታጥፋው። በኮምፒውተር የጥፋት ኮዱ ሲነበብ ደግሞ የተጠራውን ዕቃ ወዲያው አትግዛ። ኮዱ የሚናገረው ምልክቱን ነው። «ኦክስጅን ሴንሰር» የሚል ኮድ ከተቀደደ የአየር ቱቦ ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኤር ሰስፔንሽን ያለው መርሴዲስ አለኝ። ማታ አቁሜው ጠዋት የፊት ቀኙ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሞተር ሳስነሳ ይነሣል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ግን አሁን ትንሽ ችግር ነው። በስፕሪንግ ፈንታ መኪናውን የተሸከመው በአየር የተሞላ የጎማ ከረጢት ወይም የአየር መስመሩ ያፈሳል። ጠዋት ሲነሣ ደስ አይበልዎት፤ ያነሣው አየር የሚነፋው ኮምፕረሰር ነው። ያ ኮምፕረሰር ለአጭር ጊዜ እየሠራ እንዲያርፍ ነው የተሠራው። ሲያፈስ ግን ያለ ዕረፍት ይሠራና ይቃጠላል። ከዚያ አዲስ ከረጢትም አዲስ ኮምፕረሰርም ይገዛሉ። ሳሙና ያለበት ውሃ ረጭተው አረፋ የሚሠራበትን ቦታ ይፈልጉ። ኮምፕረሰሩ ከተቃጠለ ደግሞ ኤሌክትሪኩን የሚያበራለትና የሚያጠፋለትን ሪሌም አብረው ይቀይሩ። የተጣበቀ ሪሌ አዲሱንም ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ነው ያለኝ። ሁለቱ ጎማ አለቁ፤ ሁለት ብቻ ብቀይርስ?

መልስ፦ የቀሩት ብዙ ካልተበሉ፣ አዲሶቹም ያው ምርትና ያው ሞዴል ከሆኑ ይቻላል። ልዩነቱ ከሰፋ ግን አይሞክሩት። የተበላ ጎማ ዙሪያው ያንሳል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ብዙ ጊዜ ይዞራል። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን ልዩነቱን ለማቻቻል ቀኑን ሙሉ ይለፋል። እሱ ከተበላ የአራት ጎማ ዋጋ ምንም አይደለም።

ጥያቄ፦ የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ ቀይር ይሉኛል። ፍሬኑ ግን ጥሩ ይይዛል። ለምን?

መልስ፦ የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም። እርጥበት ከያዘ ደረጃው የሚፈቅደው ዝቅተኛው 155 ነው። በከተማ ልዩነቱ አይታወቅህም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ከባድ መኪና ይዘህ ስትወርድ ግን ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ ዛሬ ጥሩ መያዙ ማስረጃ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የኩባንያው አርማ የሌለበት ዕቃ መግዛት ስህተት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ማን እንደሠራው ካወቁ እንዲያውም ብልህነት ነው። መኪና ፋብሪካዎቹ ብዙውን ዕቃ የሚገዙት ከሌሎች ነው፦ ከቦሽ፣ ከማህሌ፣ ከማን-ፊልተር፣ ከዜድኤፍና በሥሩ ካሉት ከለምፈርደርና ከሳክስ። ያው ዕቃ በሠሪው ካርቶን ሲመጣ ዋጋው ይቀንሳል። አንዳንዴ የመኪናው አርማ የነበረበት ቦታ ተፍቆ ታያላችሁ። ስህተቱ ስሙ የማይታወቅ ዕቃ መግዛት፣ ወይም የታዋቂ ስም ካርቶን ውስጥ የገባ ፎርጅድ መግዛት ነው። ዋጋው ከሌላው ቦታ በግማሽ ካነሰ ይጠርጥሩ። ለሴንሰር፣ ለፍሬንና ለመሪ ዕቃ ደግሞ ቁጠባ አያስቡ።

ጥያቄ፦ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከሹፌሩ እግር ስር ምንጣፉ ይረጥባል። መስታወቶቹ ሁሉ ደህና ናቸው። የጣሪያ መስኮት አለው።

መልስ፦ የጣሪያ መስኮት ውሃ ጨርሶ እንዳያስገባ ሆኖ አልተሠራም። የገባው በዙሪያው ባለው ቦይ ተሰብስቦ፣ በአራቱ ማዕዘን ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ወርዶ ከመኪናው በታች ይፈሳል። ቱቦው በአቧራና በቅጠል ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። መስኮቱን ክፈቱና የፊቱን ማዕዘን ተመልከቱ፤ ትንሽ ቀዳዳ ታያላችሁ። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱበት። ከፊት ጎማው አካባቢ መንጠባጠብ ካልጀመረ ተደፍኗል። ቀጭንና ለስላሳ የናይለን ክር አስገብታችሁ ክፈቱት። በኮምፕረሰር አየር አትንፉበት፤ ቱቦው ከውስጥ ሊነቀል ይችላል፤ ያን ጊዜ የጣሪያው ልባስ ነው የሚወርደው።

ምንጣፉን በፀሐይ አድርቃችሁ ብቻ አትተዉት። በብዙ ሞዴሎች ላይ ከምንጣፉ ስር ወፍራም ስፖንጅ አለ፤ ውሃውን ይዞ ለሳምንታት ይቆያል። የመስታወት፣ የበርና የመብራት ኮምፒውተሮችና የሽቦ መገናኛዎችም በአንዳንዶቹ እዚያው ወለል ላይ ናቸው። ምንጣፉ ይነሣ፣ ስፖንጁ ይጨመቅ፣ ሶኬቶቹ ዝገት እንዳልያዙ ይታዩ።